አንድ ጣት ጉብጠት

በየሰፈሩ አንድ መዳቢ አለ። ሌባ የሌለበት ሰፈር ይገኝ ይሆናል፤ ሰካራም የሌለበትም ቢሆን ሱባዔ ተገብቶ ቢፈለግ አይታጣም። ነገርን ሁሉ በየፈርጁ ካላስቀመጠ የበላው የማይረጋለት ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። ዝናብ መጣ ብላችሁ የተሰጣ ልብስ ልታነሡ ስትሮጡ፣ እሱ መሐል ግቢ ቆሞ «ቆይ እስቲ፣ ካፊያ ነው ወይስ ዶፍ?» ይላችኋል። መልሱን እስክታስቡ ልብሱም እናንተም በስብሳችኋል።

ከቁስቋም ማርያም በታች፣ ባሕር ዛፉ አልቆ ቤቱ በሚጀምርበት የጉለሌ ሰፈር፣ ይህን ታላቅ ሹመት የያዙት ክቡር ጋሼ ስብሐት ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽራቸው አልቻለም። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ሰፈሩ በስሙ መጠራቱ ቀርቶ በቀበሌ ቁጥር ተጠራ፤ ጋሼ ስብሐት ግን በመንበራቸው እንደጸኑ ነበሩ። በወጣትነታቸው በአንድ የእንጨት መጋዘን ግንድ ለኪ ሆነው ሠርተዋል። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ልክፍታቸው አብሯቸው አልወጣም።

«መጀመሪያ ምድቡ ይታወቅ» ነበር ቃላቸው።

የእነ አፀደ ማድ ቤት በእሳት የተያያዘ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ባልዲ ይዞ ሲራወጥ፣ ጋሼ ስብሐት አጥሩን ተደግፈው «የጭድ እሳት ነው የላምባ? መጀመሪያ ምድቡ ይታወቅ» ሲሉ ተሰሙ። አፀደ እስከ ዛሬ ቂም ይዛባቸዋለች። እሳቱ የላምባ ነበረና ውኃ በደፉበት ቁጥር መስፋቱን ግን አታነሣም።

የኅብረት ሱቁን የስኳር ሰልፍ ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት አራት ቦታ ከፈሉት፤ አራስ ያለበት፣ በሽተኛ ያለበት፣ እንግዳ የመጣበት እና «እንዲሁ የመጣ»። እንዲሁ የመጡት እሳቸው ብቻ ሆነው ተገኙ። መጨረሻ ቆሙ፤ ስኳሩ እፊታቸው አለቀ። ሕጋቸውን አክብረው፣ ባዶ ከረጢታቸውን አጣጥፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከሁሉ የከፋው ዕጣ የደረሰው ግን ለሸማኔው ለላቀው ነው። የእሱ ቤትና የጋሼ ስብሐት ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ላቀው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ፣ ከግድግዳው ወዲያ «አንተ ላቀው፣ ነጠላ ነው ወይስ ጋቢ? አመታቱ የጋቢ ነው» የሚል ድምፅ ይመጣል።

«ነጠላ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው አመታትህን አስተካክል።»

ላቀው በሆዱ «ወይ ጎረቤት» ይልና አመታቱን ያስተካክላል። በሠላሳ ዓመት ዕድሜው ከሚስቱ ይልቅ የታዘዘው ለዚህ ግድግዳ ነው።

በ1968 ዓ.ም. ባህላዊ ስፖርት ይጠናከር የሚል መመሪያ ለቀበሌው መጣ። ገናም ትግልም ሌላ ቀበሌ ቀድሞ ወስዶት ስለነበር ለእኛዎቹ የደረሳቸው ቀስት ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፤ ደጋኑን ተወዳዳሪው በገዛ እጁ ሠርቶ ይምጣ። በስብሰባው ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «ደጋን የጦር መሣሪያ ነው፤ ይመዝገብ ወይስ ይወረስ?» ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

«መጀመሪያ ምድቡ ይታወቅ» አሉ ጋሼ ስብሐት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በጉለሌ ሰማይ ሥር ያለ ምድብ የቀረበ ደጋን የለም። ምድብ ሀ፣ ከአንድ እንጨት ብቻ የተጠረበ፣ ሙጫም ሚስማርም ያላየ። ምድብ ለ፣ ጀርባው በጅማት ወይም በጠፍር የተለበጠ። ምድብ ሐ፣ ሁለት እንጨት ተጣብቆ የተሠራ። ይህ ሁሉ እንደገና በሁለት ይከፈላል። «የእጅ» የሚባለው ሠሪው በሕይወት ያለ፣ ራሱ የሚስበው ደጋን ነው። «የውርስ» የሚባለው ሠሪው ሞቶ ወራሹ ይዞት የቀረበ ነው፤ ለዚህም የዕድሩ ዳኛ «ቀብረነዋል» ብሎ መፈረም አለበት።

ከሸጎሌ የመጣው የከብት ነጋዴው ቶለሳ፣ ቁመቱን የሚያህል ደጋን ተሸክሞ ሲቀርብ ጋሼ ስብሐት በጣታቸው ዳበሱትና መሐሉ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አቆሙ።

«ሚስማር አለበት። ከምድብ ሀ ውጣ።»

«ጋሼ፣ አንዲት ሚስማር እኮ ናት።»

«አንዲት ጥርሱ የወለቀ በሬ ጥርሰ ሙሉ ነው ብለህ ትሸጣለህ?»

ቶለሳ ሳቀ። «ገዢው ካላየ እሸጣለሁ።»

«እኔ አይቻለሁ።»

እማማ ማሚቴ ደግሞ እነዚህን ወንዶች ላሳያቸው ብለው የጥጥ መንደፊያ ደጋናቸውን ይዘው መጡ። ሰው ሲስቅ ጋሼ ስብሐት አልሳቁም። ለኩት፣ መዘኑት፣ «ምድብ ሀ፣ የእጅ፣ ሰላማዊ» ብለው ጻፉት። እማማ ማሚቴ ዐሥር እርምጃ ወርውረው ከዐሥራ አራት ተወዳዳሪ ዐሥራ ሦስተኛ ወጡ፤ ዐሥራ አራተኛውን ስሙን ለመጥቀስ ሰፈሩ ያፍራል።

የምደባው ሁሉ መደምደሚያ ጉብጠት ነበር። አዲስ ደጋን አውታሩ ሲፈታ ቀጥ ብሎ ይተኛል። በተሳበ ቁጥር ግን እንጨቱ ያስታውሳል፤ አውታሩ ከተፈታም በኋላ ጥቂት ጎብጦ ይቀራል። «እንጨት አይዋሽም» ይሉ ነበር ጋሼ ስብሐት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ይወጠርና በሲባጎውና በእንጨቱ መሐል ስንት ጣት እንደሚገባ ይለካል። የማን ጣት? የላቀው። የሸማኔ ጣት እኩል ነው ተብሎ በ1968 ተወሰነ፤ ላቀውም ሳይጠየቅ የቀበሌው ሕጋዊ መለኪያ ሆኖ ቀረ። ሠሪው በዘመቻ ወይም በሥራ ምክንያት ቢቀር እንኳ፣ ጉብጠቱ ከአምናው ከጨመረ ደጋኑ ዘንድሮም ተስቧል ማለት ነውና በእጅ ምድብ ይቆያል። ካልጨመረ ይሰረዛል፤ ወይም ወደ ውርስ ይዛወራል።

አሁን ወደ እትዬ የሺ ደጋን እንምጣ።

እትዬ የሺ ፈትል ፈትለው አንድ ልጃቸውን ፈለቀን ያሳደጉ ሴት ናቸው። በ1970 ኅዳር ላይ ፈለቀ ከወይራ የጠረበውን ደጋን ይዞ ጠዋት ከቤት ወጣ፤ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ሰቀለውና «እማዬ፣ አውታር ገዝቼ መጣሁ» ብሎ ወደ አዲሱ ገበያ ወረደ። በዚያ ዓመት እንኳን አውታር ሊገዛ፣ ውኃ ሊቀዳ የወጣም ሳይመለስ ይቀር ነበር። ፈለቀም አልተመለሰም። እስር ቤት ተጠየቀ፤ የለም። ሆስፒታል ተጠየቀ፤ የለም። ውድድሩም ያን ዓመት ሳይካሄድ ቀረ።

ጎረቤት «የሺ፣ እርምሽን አውጪ» አላቸው። ዕድሩ ድንኳን ይዞ በር ድረስ መጣ። እትዬ የሺ ድንኳኑን መለሱ፤ ጥቁርም አልለበሱም። «ገበያ የሄደ ልጅ ይለቀስለታል?» አሉ።

በ1971 ውድድሩ ሲቀጥል ደጋኑን በነጠላ ጠቅልለው ጋሼ ስብሐት በር ላይ ቆሙ።

«ጋሼ፣ የልጄን ደጋን ይመድቡልኝ።»

ላቀው በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር። መወርወሪያውን አቆመ። የሚመጣውን መልስ ያውቀዋል፤ የውርስ ከሆነ የዕድሩ ፊርማ ይምጣ የሚል ነው። ያ ፊርማ ማለት ደግሞ ድንኳኑ ነው፣ ጥቁሩ ልብስ ነው፣ የፈለቀ መሞት ነው።

ጋሼ ስብሐት ግን ደጋኑን ተቀብለው በራቸውን ዘጉ። ጥቂት ቆይተው ወጡና እንደ ወትሮው በዲያቆን ድምፅ አነበቡ። «ፈለቀ ወልዱ። ምድብ ሀ፣ የእጅ። ጉብጠት፣ አንድ ጣት።»

ሰፈሩ ተንሾካሾከ። ምክንያቱም ያ ደጋን አውታር ታስሮበት አያውቅም። ልጁ አውታሩን ሊገዛ ወጥቶ ነው የቀረው። አውታር የሌለው ደጋን አይሳብም፤ ያልተሳበ ደጋን አይጎብጥም። በ1972 ሁለት ጣት ተብሎ ተጻፈ። በ1973 ሦስት። «ጋሼ ስብሐት ከሚዋሹ እንጨት በራሱ ቢጎብጥ ይቀላል» አለ ሰው፤ ሲናገር ግን አይስቅም ነበር። በእትዬ የሺ በር የሚያልፉ ሴቶችም መንገዱን ተሻግረው በወዲያኛው ጥግ ማለፍ ጀመሩ።

ላቀው ራሱ አንድ ነገር ሰምቷል፤ ለማንም አልተናገረም። በቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት፣ ፈትል ሊቀበል ወደ እትዬ የሺ ሲሄድ ከቤቱ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ፤ ተወጥሮ የተለቀቀ ነገር ድምፅ። ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ደገመ። የእማማ ማሚቴ መንደፊያ ነው አለና ራሱን አጽናና። ሁለት እርምጃ ሄዶ ግን የእማማ ማሚቴ መንደፊያ ከሐምሌ ጀምሮ ተሰብሮ እንደተቀመጠ ትዝ አለው። ሲገባ እትዬ የሺ እንዝርታቸውን ይዘው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ደጋኑ ግድግዳው ላይ ነው።

«ሰማኸው?» አሉት፣ እንደ ዋዛ።

«ምኑን?»

«ኅዳር ሲቃረብ ይብስበታል» አሉና ፈትሉን ቆጥረው ሰጡት።

በ1974 ጓድ አጥናፉ የቀበሌው የባህልና ስፖርት ተጠሪ ሆኖ መጣ። ክፉ የሚባል ልጅ አልነበረም፤ ሪፖርቱ ላይ ባዶ ቦታ ማየት የማይወድ ልጅ ነበር። ያለፉትን ዓመታት መዝገብ አገላብጦ አንዲት መስመር ላይ ጣቱን አቆመ።

«ጋሼ ስብሐት፣ ይህ ሰው የት ነው ያለው?»

«ገበያ ሄዷል።»

«ከ1970 ጀምሮ?»

«መዝገቡ የሚለው ስለ ደጋኑ ነው፤ ስለ ገበያው አይደለም።»

«ጥሩ። ስለ ደጋኑ እንነጋገር። አውታር የለውም አይደል? ሦስት ጣት እንዴት ጎበጠ? ደግሞ የሁሉም ደጋን በላቀው ጣት ሲለካ፣ ይህ ብቻ ለምን በእርስዎ ቤት፣ በር ተዘግቶ ይለካል?»

ጋሼ ስብሐት መዝገቡን በመዳፋቸው ሸፈኑት። አጥናፉም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ለሴትየዋም ነው የማዝነው። ልጁ ሞቷል፤ ይህን የማያውቅ የለም። እሑድ በሰው ፊት ላቀው ይለካል፤ እርስዎ አይነኩም። አራት ጣት ካልሞላ የውርስ ተብሎ ይጻፋል፣ ዕድሩ ይፈርማል፣ ያበቃል።»

እሑድ ጠዋት ከእንጦጦ የወረደው ጉም ሜዳውን ሸፍኖት፣ ዒላማው የቆመበት ጭድ አይታይም ነበር። ሰው እየመጣ ከጉሙ ውስጥ በድምፁ ነበር የሚታወቀው። ጋሼ ስብሐት በወንበራቸው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከክንድ ያለፈ ነገር አያዩም። የሚመድቡት ሁሉ በእጃቸው ዳብሰው ነው፤ ዛሬ ደግሞ እጃቸው ታስሯል። ሁለቱንም መዳፎች ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ እንደ ተማሪ ይጠብቃሉ።

ላቀው ከቤቱ ሲወጣ ቁርጥ አድርጎ ወስኗል። ይዋሻል። አውራ ጣቱን ከታች ደግፎ ሲባጎውን ያላላዋል፤ ጉሙም ያግዘዋል። ሽማግሌው በሕይወታቸው ሁሉ ሰው ሲያሰለቹ ኖረው፣ ለአንዲት እናት ሲሉ የገዛ ሕጋቸውን ሲሰብሩ፣ እሱ ሊያጋልጣቸው አይችልም። ቢያዝ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ያውቃል፤ የቀበሌን መዝገብ ማጭበርበር በዚያ ጊዜ በምን ምድብ እንደሚገባ ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ቢሆንም ወስኗል።

እትዬ የሺ ነጠላውን ፈቱና ደጋኑን ጠረጴዛው ላይ አስተኙት።

ላቀው ሲባጎውን ከጫፍ ሊያስር ጎንበስ ሲል እጁ ቆመ። አውታር የሚታሰርበት ጭረት በሁለቱም ጫፍ ጠቁሮ፣ ተልጎ፣ ያብረቀርቃል፤ ዕለት ዕለት ሲታሰርበትና ሲፈታበት እንደኖረ። መጨበጫው በላብ ወዝቷል። እንጨቱን በመዳፉ ሲይዘው በዚያ ብርድ ሞቀው።

«ለካ እንጂ» አለ አጥናፉ።

ሲባጎውን ወጠረ። ጠቋሚ ጣቱን አስገባ፤ ገባ። መሐለኛውን አስከተለ፤ ገባ። የቀለበቱ ጣት ገባ። አውራ ጣቱን ለውሸት ሊያዘጋጅ አስቦ ነበር፤ ትንሿ ጣቱ ግን ማንም ሳይረዳት ገብታ ሲባጎውን ነካች። አራት። የሚያላላው ነገር አልነበረም።

«አራት ጣት» አለ።

«እስቲ» ብሎ አጥናፉ የራሱን እጅ አስገባ። እሳት እንደነካው መልሶ አወጣው። ጎንበስ ብሎ ጭረቱን አየ፣ ከዚያ እትዬ የሺን አየ።

«እማማ፣ ማነው የሚስበው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ» አሉ እትዬ የሺ። «ስመለከት ይተዋል።»

አጥናፉ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ መዝገቡ ላይ ሲፈርም፣ ፊርማው ከመስመሩ ወጥቶ ወረደ። ጋሼ ስብሐት ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ድምፃቸውን ጠርገው አነበቡ። «ፈለቀ ወልዱ። ምድብ ሀ። የእጅ።»

እንደ ደንቡ የተጠራ ሰው መልስ እስኪሰጥ ይጠበቃል። ቶለሳ ባርኔጣውን አወለቀ። ጉሙ ውስጥ፣ ዒላማው በቆመበት በኩል፣ ጭዱ ኮሽ አለ፤ ያን ሰዓት ከጠረጴዛው አልፎ የሄደ ተወዳዳሪ አልነበረም።

«አለ» አሉ እትዬ የሺ። ደጋኑን ጠቅልለው፣ ሕፃን እንደሚታቀፍ ታቅፈውት ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ላቀው ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቤት ያወጣቸው ጀመር። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ጋሼ ስብሐት ቆሙ።

«ላቀው።»

«አቤት ጋሼ።»

«እግዜር ይስጥህ።»

«ለምኑ?»

«አራት ጣት ስትል ድምፅህ እንኳ አልተለወጠም። እኔ የመጀመሪያውን አንድ ጣት ስጽፍ ብዕሩ ከእጄ ሁለት ጊዜ ወድቋል።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ያ ደጋን እንደ ጦር ቀጥ ያለ ነው። አምና ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ዳብሼዋለሁ፤ ከሥሩ ወረቀት አያስገባም። አጥናፉም ቢሆን አይቶ ዝም ማለቱ ገርሞኛል። ክፉ ልጅ ይመስለኝ ነበር፤ ምድቡን መለወጥ አለብኝ።»

ላቀው አራት ጣቶቹን በጋቢው ውስጥ ጨብጧቸዋል፤ ሙቀቱ ገና አልለቀቃቸውም።

«የዚያን ዕለት ጠዋት ደጋኑን ይዞልኝ መጣ» አሉ ጋሼ ስብሐት። «የሚያምር ሥራ ነው፤ አንድ እንከን የለው። ‘ያለ አውታር ደጋን አይባልም፣ ዱላ ነው፤ አውታር ገዝተህ ና’ አልኩት። ‘ነገ ቢሆን ምናለበት ጋሼ፣ ዛሬ መንገዱ ጥሩ አይደለም’ አለኝ። ‘መጀመሪያ ምድቡ ይታወቅ’ አልኩት። ለእናቱ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።»

ከበላያቸው ባሕር ዛፉ ተንሾካሾከ።

«ዓይኔ እየከዳኝ ነው፤ ከርሞ መዝገቡን አንተ ትይዛለህ። ለቶለሳ ሚስማር እንዳታልፍለት። ለእሷ ግን በየዓመቱ አንድ ጣት ጨምርላት፤ እሷ እስካለች ድረስ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

ላቀው መጨመር እንደማያስፈልግ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ከዚያ የሽማግሌውን ፊት አየው። ሰባ ዓመት ሙሉ እንጨቱን፣ እሳቱን፣ ሰልፉንና ለቅሶውን በትክክል ሲመድቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የዋሹት ይህቺኑ ብቻ ነው፣ እሷም የምታቆማቸው ምርኩዝ ሆናለች። ሊወስድባቸው አልጨከነም።

«እሺ ጋሼ፣ እጨምራለሁ» አለና ክንዳቸውን አጥብቆ ይዞ ዳገቱን ወጡ።